የወጣው ፍንጣሪ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ብረት የሚቆርጥና የሚበይድ ሰው ዓይኑ ውስጥ ፍንጣሪ ሲገባበት ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ሰይፈሥላሴ ጋ ነው የሚሄደው። ሐኪም ቤት ወረፋ አለ፣ ካርድ ማውጣት አለ፣ «ነገ ተመለስ» አለ። ሰይፈሥላሴ ጋ ያለው አንድ በርጩማ፣ አንድ ወረንጦ፣ ከተቃጠለ ስፒከር የተፈታ ክብ ማግኔትና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው። ተጎጂውን በርጩማው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረዋል፣ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቱ ይገለብጣል፣ «ወደ ላይ እይ፣ አትተንፍስ» ይለዋል። ከዚያ ማግኔቱን ያስጠጋል። እንቢ ካለ ወረንጦው ይከተላል።

ሥራው ግን በማውጣት አያበቃም። የወጣውን ማሳየት ግዴታ ነው። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈችውን ነጥብ ለባለ ዓይኑ ዘርግቶ «ይኸውልህ፣ ወጣ» ይለዋል። ሳያይ ከበርጩማው የሚነሣ የለም። ያላየ ሰው ፍንጣሪው ያለ እየመሰለው ዓይኑን ሲያሽ ይውላል፤ ሲያሸው ደግሞ እውነትም ያመዋል። ስለዚህ በሰፈሩ ማሳየት የሕክምናው ግማሽ ነው። ሰይፈሥላሴም እንደዚያ ብሎ ያምን ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚህ እምነቱ ነው።

የሀይረዲን ሥራ ቶርኖ ነው፤ ብረት በማሽን እያሽከረከረ ይቀርጻል። ቶርኖ ቤቱና የሰይፈሥላሴ ብየዳ ቤት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ሲል ኖሯል። የሀይረዲን ግራ ዓይን በልጅነቱ፣ ገና ከስልጤ ሳይመጣ፣ በሕመም ጠፍቷል፤ ብርሃንና ጨለማ ቢለይ ነው። በቀኙ ግን ካሊፐር ሳያነሣ የአክሰል ውፍረት ይናገራል እየተባለ ይማልለታል። ሰውዬው ደግሞ አንድ ልማድ አለው። እንግዳ ሳይሸኝ አይቀርም። ሰይፈሥላሴ ገላን ኮንዶሚኒየም ወዳለው የሀይረዲን ቤት በሄደ ቁጥር ሦስት ፎቅ አብሮት ይወርዳል፣ ታክሲ እስኪሳፈር አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ተው ቢሉት አይሰማም።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ይህ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ብየዳ ቤቱ መጣ። አክሰል ሲቀርጽ የቶርኖው ምላጭ ተሰብሮ ፍንጣሪው ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል።

«ሰይፉ፣ ይሄ ከሄደ አለቀልኝ» አለ። የሰይፈሥላሴን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ።

ሰይፈሥላሴ በርጩማው ላይ አስቀመጠው። ፈለገ። ከዓይኑ ነጭ ላይ፣ ወደ ጥጉ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ አገኘ፤ ፍንጣሪ ግን የለም። ማግኔቱን አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ። የለም። ወይ ተፈናጥሮ ወድቋል፣ ወይ ጠልቆ ገብቷል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። ያኔ «ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ማለት ነበረበት። አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ያንን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይቶት አያውቅምና አንጀቱ አልቻለም። ግራ እጁን ወደ ኋላ ልኮ፣ ሀይረዲን ከቶርኖ ቤቱ እንደታጠቀው ከመጣው ሽርጥ ላይ በግሪስ የተለወሰች አንዲት ቅንጣት በጣቱ አነሣና ማግኔቱ ላይ ለጠፋት።

«ይኸውልህ፣ ወጣ።»

ሀይረዲን አያት። ከዚያ አለቀሰ። ወረቀት ለምኖ ጠቀለላት፣ በፕላስተር አሸጋት፣ ከመታወቂያው ጀርባ በኪስ ቦርሳው ውስጥ አኖራት። «የዓይኔ ዕዳ» እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራላት፣ የሰይፈሥላሴን እጅ ሲያወድስ ስድስት ዓመት ሞላ።

የዓይኑ ቅላት በሁለት ቀን ጠፋ። ሰይፈሥላሴ ግን አንድ ወር ሙሉ በየማለዳው ሰላም ሲለው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ነበር። ምንም የለም። ወሩ ሦስት ወር ሆነ። በዓመቱ እሱ ራሱ ፍንጣሪው በእንባ ወጥቶ ይሆናል ብሎ አመነ፤ ቆይቶ ደግሞ «ይሆናል» የምትለዋን ተዋት።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ሀይረዲንን ራስ ምታት ያዘው። ከዚያ ቀኝ እጁ መደንዘዝ ጀመረ፤ አንድ ቀን ካሊፐሩን ጣለው፣ በሌላ ቀን የሻይ ብርጭቆ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎ ኤም አር አይ አዘዘለት። ቀጠሮው በሰባት ሳምንቱ ደረሰ። ሚስቱ አዚዛ «እኔ እፈራለሁ፣ ጋሽ ሰይፉ፣ አንተ አብረኸው ሂድ» አለችው፤ ሄደ።

ማዕከሉ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወዲህ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልዕልት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት፤ የሰው ፊት እያየች የምትናገር፣ የማትቸኩል። ቅጽ ይዛ ከፊታቸው ተቀመጠች። ልብዎ ላይ የተገጠመ ነገር አለ ወይ፣ ቀዶ ጥገና አድርገው ያውቃሉ ወይ እያለች ጠየቀች፤ ሀይረዲን የለም፣ የለም አለ። ቀጥላ «የብረት ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?» አለችው።

«ልጄ፣ ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዓይንዎ ውስጥ ፍንጣሪ ገብቶ ያውቃል?»

«አንዴ። ወጥቷል።»

«ሐኪም ነው ያወጣው?»

«ይኸው ሐኪሙ» አለና ሰይፈሥላሴን በአገጩ አሳያት።

ልዕልት ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት መሆኑን ነገረቻቸው። «ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን እምብርት እያንዳንዱ ትንሽዬ ማግኔት ነው፤ ያለ ሥርዓት በየፊናው ዞሮ ይኖራል። ማሽኑ ውስጥ ሲገቡ ሰልፍ ይይዛል። እኛ በሬዲዮ ሞገድ ገፋ አድርገን ከሰልፉ እናስወጣዋለን፤ ስንተወው ሲመለስ እሱም በሬዲዮ ይመልስልናል። ጤነኛው ሥጋና የታመመው ሥጋ አመላለሳቸው ይለያያል። ምስሉን የምንሠራው ከዚያ ነው።»

«ታዲያ ውሃዬን ነው የምታናግሩት?» አለ ሀይረዲን። ደስ ብሎታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያስረዳው ሁልጊዜ ደስ ይለዋል።

«እንደዚያ ይበሉት። ግን ማግኔቱ ለሰልፍ ብቻ አይደለም። ብረት ካገኘ ይስባል። በጣም በቀዘቀዘ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ሳይደክም ይዞራል፤ ስለዚህ መብራት ቢሄድም አይጠፋም። አሁን እዚህ ቁጭ ብለን እያወራን እዚያ ክፍል እየሳበ ነው። ዓይን ውስጥ የቀረች ቅንጣት ካለች ወደ ማሽኑ ሲገቡ ትንቀሳቀሳለች፣ ትዞራለች። ዓይን ለስላሳ ነው።»

ሰይፈሥላሴ እጁን ጭኑ መሃል ደበቀ። የእሱ ማግኔት የተለጠፈውን ምስማር ሰው በሁለት ጣቱ ያላቅቀዋል። የዚህኛው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ በኪሎ ቢነግሩትም አይገባውም ነበር፤ የገባው «ሳይደክም» የምትለው ቃል ናት።

«መጀመሪያ ዓይንዎን በኤክስሬይ ባየው እወዳለሁ» አለች ልዕልት። «ጨረሩ ሥጋውን አልፎ ይሄዳል፣ ብረት ሲያገኝ ይቆማል፤ ቅንጣት ካለች ነጭ ሆና ትታያለች። የኛ ኤክስሬይ ግን መለዋወጫ እየጠበቀ ቆሟል። ሌላ ቦታ ተነሥተው ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ።»

«መቼ?»

መዝገቡን አየች። «አንድ ወር ተኩል።»

ሀይረዲን ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጁ የሌላ ሰው ይመስል በግራው አንሥቶ ነው ያኖረው። «ልጄ፣ በወር ተኩል ይቺ ምን ትሆናለች?» አላት። ከዚያ የኪስ ቦርሳውን አውጥቶ ያቺን በፕላስተር የታሸገች ወረቀት አሳያት። «ወላሂ ወጥታለች። ይችውና። እሱም ይኸው፣ ይመስክር።»

ልዕልት ወደ ሰይፈሥላሴ ዞረች።

«አባት፣ በዓይንዎ አይተዋል? አንዲት ብናኝ ብትቀር እንኳ ትጎዳለች። እርግጠኛ ነዎት?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰይፈሥላሴን ሰው ይቅር ሊለው የማይችለው። ከስድስት ዓመት በፊት የዋሸው አንጀቱ አልችል ብሎት ነው፤ ለዚያ የሚያዝንለት ይገኛል። አሁን ግን ቀስ ብላ አስረድታዋለች። ገብቶታል። «እርግጠኛ አይደለሁም» ብቻ ቢል በቂ ነበር፤ ውሸቱን እንኳ መናዘዝ አይጠበቅበትም። ግን ሀይረዲን እያየው ነው፣ በዚያችው ዓይኑ፣ ሙሉ በሙሉ አምኖት። በዚያ ላይ እጁ እየደነዘዘ ወር ተኩል ይቆይ የሚለው ነገር ትክክለኛ ምክንያት መሰለው። በዚያ ላይ ስድስት ዓመት ምንም አልሆነም። ሰይፈሥላሴ ፈሪ ነው፤ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

«ወጥቷል» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለችው ደግማ።

«በእጄ ነው ያወጣሁት።»

ጻፈች። ስሙን ጠይቃ ከጎኑ ጻፈች። ሀይረዲን ፈረመ። ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ የኪስ ቦርሳውን ለሰይፈሥላሴ አስረክቦ፣ ሰፊ ነጭ ልብስ ለብሶ ሲገባ «የኔን ውሃ ሲያናግሩት ስልጥኛ ካወራ አትደንግጡ» ብሎ ቀለደ።

ለሰይፈሥላሴ ከመስታወቱ ወዲህ በር አጠገብ ወንበር ሰጡት። አልጋው ሀይረዲንን ይዞ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት አየ። መጀመሪያ ጭንቅላቱ ገባ። «እንዳይንቀሳቀሱ፣ አባት» አለች ልዕልት በማይክሮፎኑ። ድብደባው ጀመረ፤ ባዶ በርሜል በመዶሻ እንደመምታት ያለ። ሰይፈሥላሴ የሀይረዲንን ዕቃ ጭኑ ላይ ይዞ ጸለየ። ለመድኃኔዓለም ስለት ተሳለ። ምን ብሎ እንደሚለምን እንኳ አላወቀም፤ ያልወጣውን ወጥቶ እንዲያገኘው ነበር የሚለምነው።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ልዕልት ስክሪኑን አይታ ከወንበሯ ተነሣች። ድብደባው ቆመ። በሩን ከፍታ ስትሮጥ አያት።

አልጋው ሲወጣ የሀይረዲን ቀኝ ዓይን ደም ሞልቶት ነበር።

«ስገባ ወጋኝ» አለ ሀይረዲን፣ ጣራውን እያየ፣ ሳያይ። «አትንቀሳቀስ ስላለችኝ ዝም አልኩ። ስወጣ ደግሞ ባሰ። ሰይፉ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

መብራት አልጠፋም ነበር።

አምቡላንስ እስኪመጣ ልዕልት ሰይፈሥላሴን ወደ ስክሪኑ ጠራችው። የሀይረዲን ጭንቅላት በግራጫ ተሥሎ ይታያል፤ የግራ ዓይኑ ክብ ሆኖ አለ፤ በቀኙ ቦታ ግን ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ አፍንጫውን ሳይቀር የበላ። «ፍንጣሪዋ ከጤፍ አትበልጥም» አለችው። «ጨለማው ይህን ያህል የሰፋው ብረቱ ዙሪያውን ያለውን ሰልፍ ስላፈረሰው ነው። እዚያ ያለው ውሃ መልስ መስጠት አልቻለም።» ከስክሪኑ ወደ እሱ ዞረች። «ወጥቷል ብለውኝ ነበር።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

የዓይን ሐኪሞቹ በማግስቱ ፍንጣሪውን አወጡ። ዓይኑን ግን አላተረፉትም። የጭንቅላቱ ምስል ሳያልቅ ስለቀረ እጁን ያደነዘዘው ምን እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ ሀይረዲን ተመልሶ ያ ማሽን ውስጥ አልገባም ብሏል። ልዕልት ከሥራ ታግዳ ምርመራ ላይ ናት። ሰይፈሥላሴ ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ውስጥ ፍንጣሪ የገባበት ሰው ቢያንኳኳም አልከፈተም። አራት ሳምንት ሙሉ ለሀይረዲን ምን ብሎ እንደሚነግረው ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። አንድ ቅዳሜ ሀይረዲን ራሱ በአዚዛ ስልክ ደወለለት። «ና። ማግኔትህን ይዘህ ና» አለው።

ሰይፈሥላሴ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ፎቅ ሲወጣ የሚናገረውን በቃሉ ይዞት ነበር። «ያን ቀን አላወጣሁትም።» ሦስት ቃል ናት። በእያንዳንዱ ደረጃ ደገማት።

ሀይረዲን ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ጥቁር መነጽር አድርጓል። አዚዛ ወንበር ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባች።

«ስለ ልጅቷ ነው የጠራሁህ» አለ ሀይረዲን። «ጥፋተኛ ሊያደርጓት ነው። እሷ ምን አጠፋች? ጠይቃናለች። ሳስበው ከርሜ አሁን ገባኝ፤ ያን ቀን ፍንጣሪው ሁለት ነበር። አንዷን አንተ አወጣሃት፣ ሌላዋ ተደብቃ ቀረች። እሷም አልዋሸችም፣ አንተም አልዋሸህም፣ እኔም አልዋሸሁም። የአላህ ሥራ ነው። ይቺን ይዤ ሄጄ እመሰክርላታለሁ።» የታሸገችውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ። «ግን ዝም ብለው አያምኑኝም። ብረት መሆኗን አረጋግጥልኝና ልሂድ። አንተ እይልኝ።»

ሰይፈሥላሴ ወረቀቷን ተቀበለ። ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው። ስድስት ዓመት ወረቀቱ ግሪሱን መጦ ጨርሶታል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ቢጫ ቅንጣት አብለጨለጨች።

ነሐስ ናት፤ ማግኔት የማይስባት። ፍንጣሪው በገባበት ቀን ጠዋት ሀይረዲን ቶርኖው ላይ የውሃ ፓምፕ የነሐስ ቡሽ ሲቀርጽ ሽርጡ ላይ የቀረች ቅንጣት። ያኔ ማግኔቱ ላይ የያዛት ግሪሱ እንጂ ማግኔቱ አልነበረም።

«አስጠጋት» አለ ሀይረዲን፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ። ብረት ማግኔት ላይ ሲዘል ትንሽ ድምፅ አለው፤ ቶርኖ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ሰይፈሥላሴ ማግኔቱን አስጠጋ። ነካት። ገፋት። ቅንጣቷ ወረቀቱ ላይ ተንሸራተተች እንጂ አልተነሣችም።

«ተያዘች?»

አሁን ነበር። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም፤ ሰይፈሥላሴም ይህን ያውቃል። አፉን ከፈተ።

«ተይዛለች» አለ።

ሀይረዲን ያቺን ድምፅ አልሰማም፤ ግራ እጁን ዘረጋ።

«ማግኔቱን ስጠኝ እስቲ።»

ሰጠው። ሀይረዲን በግራ እጁ፣ ባልደነዘዘው፣ ማግኔቱን ይዞ በአውራ ጣቱ ፊቱን ዳሰሰው። ብረት ላይ የቀረች ጭረት ፈልጎ የሚያገኝ ጣት ነው። ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ወደ መሃል ገባ፤ ገልብጦ በጀርባውም ዳሰሰ። እንደገና ወደ ፊቱ ተመለሰ። ማግኔቱ ልሙጥ ነበር፤ ምንም አልነበረበትም። ከታች ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ደጋግማ ትጠራለች።

ሀይረዲን ማግኔቱን ዘረጋለት። ሰይፈሥላሴ ተቀበለ።

«ያን ቀን ስታሳየኝ እንኳ ማየት እችል ነበር» አለ ሀይረዲን።

ሰይፈሥላሴ «ሀይሩ» አለ። ጥቁሩ መነጽር ወደ መስኮቱ ዞሯል። ሀይረዲን ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ጓዳ ተጣራ።

«አዚዛ፣ ሰይፉን ሸኚልኝ።»

አዚዛ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች መጣች። በሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አትቀየመው፣ ጋሽ ሰይፉ፤ ደረጃ መውረድ ከብዶት ነው እንጂ አንተን ሳይሸኝ አይቀርም ነበር» አለችው። «አላህ ይስጥልን። ከወንድም በላይ ሆንክለት። ነገም ና፣ እሺ?»

«እሺ» አላት።

ማግኔቱን ኮቱ ኪስ ከተተው። ነሐሷ ወረቀቷ ላይ እንዳለች በመዳፉ ውስጥ ናት፤ ሳያስበው ይዟት ወጥቷል። ሊመልስላት ዞር ሲል በሩ ተዘግቷል። ሦስቱን ፎቅ ብቻውን ወረደ፤ አስፋልቱ ላይ ታክሲ መጥቶ ሲቆምለት ረዳቱ «ሰው ትጠብቃለህ ወይስ ትገባለህ?» አለው።